ልጓም

ገጣሚን ከመኪና ፍሬን ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ከቃሉ እንነሣ። ፍሬን ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ካቻቢቴ ከሚሉት የጋራዥ ቃላት ጋር አብሮ ገብቶ ተለምዷል። ጣሊያኖችም ከላቲን የወረሱት ሲሆን፣ በላቲን ትርጉሙ የፈረስ ልጓም ነው። የወንዛዬ ሰው በቅሎውን የሚገታበትና ሹፌር መኪናውን የሚያቆምበት መሣሪያ በስም አንድ ናቸው ማለት ነው።

የአገሬ አቀማመጥ ይህን ልጓም አጥብቆ ይፈልገዋል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። እርሷ በፎገራ ሜዳ በ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ስትገኝ፣ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ2,600 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ዳገቱ የሞተር ፈተና ነው፤ ቁልቁለቱ የፍሬን። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ በፍትጊያ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱንም በአብዛኛው የሚሸከመው ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው የብረት ዲስክ ነው። ዲስኩ በሳሳ መጠን የመሸከም አቅሙ ይደክማል። እናቴ በየወሩ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች፤ በዚያ ቁልቁለት የማወርዳትም እኔ ነኝ።

ክረምቱ እንደ ወጣ የአሮጊቷን መኪናችንን የፊት ዲስኮች በግቢያችን ለመፍታት ተነሣን። እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ፣ የእህቴ ልጅ ከሙያ ማሠልጠኛ የወጣ ነን፤ በዚያ ቀን መምህሩ እርሱ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ። ዳዶዎቹን መኪናዋ ገና መሬት ሳትለቅ አላላቸውና በክሪክ አነሣት። «ጋሼ፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አይደለም» ብሎ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥሯ አኖረ። ጎማውን አወጣ፤ የፍሬን ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ካሊፐር ፈትቶም ከበላዩ በሽቦ አሰረው። በፍሬን ዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ ቢቀር ቱቦው ይጎዳልና። የካሊፐሩም መያዣ ሲነሣ ዲስኩ ብቻውን ቀረ፤ ነገር ግን አልነቃነቅ አለ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያለብሱባቸው ወራት የገባው እርጥበት ዲስኩን ከመቀመጫው ጋር በዝገት አጣብቆታል።

እኔ መዶሻውን ተመለከትሁ፤ እርሱ በዲስኩ ፊት ያሉትን ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች። ልካቸው የሆኑ ሁለት ብሎኖች አስገብቶ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃቸው ጀመር። ብሎኖቹ ወደ ውስጥ በዘለቁ ቁጥር ዲስኩ ወደ ውጭ ይገፋል። በመጨረሻ ጠቅ አለና ለቀቀ። ውፍረቱን ቢለካው በብረቱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ወርዷል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ትርፉ ይበልጥ ማሳሳት ስለሆነ፣ ግራና ቀኙን በአዲስ ተካን። እርሱም መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈገው፤ ዝገት ከሥሩ ቢቀር አዲሱ ዲስክ ተጣምሞ ይዞራል። መኪናዋም ከመንቀሳቀሷ በፊት የፍሬኑን መርገጫ እስኪጠነክር ደጋግሞ ረገጠው፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነውና።

በዚያ መካከል አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ተምረህ ተምረህ ቀጥቃጭ ሆንህ?» አሉኝ። ሣቅን። የነገሩ ሥር ግን የሚያሥቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ወደ ቀልድነት ዝቅ አለ እንጂ ከአፋችን አልወጣም።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ከጋፋት ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት በዚያ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በአውሮፓውያን ባለሙያዎችና በአገር ሠራተኞች እጅ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ስለ መጎተቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔን ከዚያች ቀን ወዲህ የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ገደል ለገደል ሲወርድ፣ ልጓሙ የሰው ክንድ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የንጉሡን ስም፣ የመድፉንም ስም እናውቃለን። ወደ ኋላ ይዘው ያወረዱትን ሰዎች ስም ግን አናውቅም።

በሳምንቱ እናቴን ይዘን ደብረ ታቦር ወጣን። ስንመለስ መሪውን የያዘው የእህቴ ልጅ ነበር። ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ መርገጫውን እየነካ እየለቀቀ፣ ዲስኩን ሳያስጨንቅ ቁልቁለቱን ጨረሰው። የፎገራ ሜዳ ከፊታችን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ፤ እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።