የሸማኔው ልጅ

ሰው በልጅነቱ የሠራውን ጥፋት ሸምግሎ ባሰበው ጊዜ ጥፋቱ እንደ አዲስ ያቃጥለዋል። እኔም ዛሬ በብዕሬ የማወጣው ነገር ከተፈጸመ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ነገር ግን የኋላው ኑሮዬና ሥራዬ ሁሉ ከእርሱ ጋራ እንደ ድርና ማግ ስለ ተያያዘ፥ የግድግዳ ስጋጃ ሠሪ የሆንሁበትን ታሪክ ለአንባቢ ለመንገር ስነሣ ከዚያ መጀመር ግድ ሆነብኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጋሞ ደጋ ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ ሽሮ ሜዳ በሚባለው ሠፈር ተቀመጡ። ቤታችን አንዲት ክፍል ስትሆን የክፍሏ እኩሌታ የአባቴ መሸመኛ ነበር። አባቴ ወለሉ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጠው፥ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው፥ በእግራቸው ድሩን እየከፈቱና እየዘጉ፥ በእጃቸው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ። እናቴም ጥጡን በመዳመጫ ከፍሬው ለይታ፥ በደጋን ነድፋ፥ በእንዝርት ትፈትላለች። የእኔ ድርሻ በቀሰም ላይ ማግ እያጠነጠንሁ ማቀበል ነበር። ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ በመወርወሪያው ድምፅ ሲሆን፥ ድምፁ ሲቋረጥ እነቃ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ሆኖም ዐዋጅ አንደበትን ቢያስርም ልብን ፈጥኖ አይለውጥምና፥ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም በተማሪ ቤቱ ሜዳ ላይ «ሸማኔ» የሚለው ቃል የስድብ ያህል ይወረወር ነበር። ስለዚህ የአባቴን ሥራ ለጓደኞቼ ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አባቴ ለደብተር መግዣ የጠየቅሁትን ገንዘብ ይዘው ወደ ተማሪ ቤቱ በር መጡ። በጠጕራቸውና በትከሻቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «እኒህ ሰውዬ ማን ናቸው?» ቢለኝ፥ «ጎረቤታችን ናቸው» ብዬ መለስሁለት። ይህን ስናገር አባቴ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው አልተለወጠም። ገንዘቡን በእጄ አኑረው፥ «እናትህ ይህን ላከችልህ፤ በርታ ተማር» ብለውኝ፥ እንደ አንድ ደኅና ጎረቤት ሆነው ተመለሱ። ከዚያም ቀን በኋላ ወደ ተማሪ ቤቴ አልመጡም፤ ነገሩንም አላነሡብኝም። ቢቈጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ በ1986 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። የጠረጴዛ ሥራ ይዤ አንገቴን ቀና ማድረጌ ደስ ቢያሰኘኝም፥ እጄ ሥራ የፈታ መሰለኝ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ስገልጥ የጎንደር ዘመን የሐር መጋረጃ ሥዕል አየሁ። ይህ መጋረጃ በ18ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር የተሠራ ነው። ሸማኔዎቹ ድሩን ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ አሳልፈው፥ ከ300 በላይ የሆኑትን ሰሌዳዎች በየተራ እያዞሩ፥ የሰዎችን መልክ በሽመናው ውስጥ አወጡ። ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ለንደን ተወስዶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የዓለም ሊቃውንት የሚያደንቁትን ይህን ሥራ የሠሩት ሸማኔዎች ስማቸው አልታወቀም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ የእነርሱም ልጆች በአንድ ደጃፍ ላይ «ጎረቤታችን ናቸው» ብለዋቸው ይሆን? ስል አሰብሁ፤ ያን ቀንም ሥራዬን በአግባቡ መሥራት አልቻልሁም።

ከዚህ በኋላ ማታ ማታ ከአንዲት የስጋጃ ሥራ መምህር ዘንድ መማር ጀመርሁ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለዚሁ አዋልሁ። ዘመዶቼ «ልጁ ከወንበር ተነሥቶ ወደ ጉድጓድ ወረደ» እያሉ አዘኑልኝ። እነርሱ ግን የማያውቁት ነገር፥ የእኔ ማቆሚያ በጉድጓድ ላይ የሚዘረጋ ሳይሆን እንደ መስኮት በግድግዳ አጠገብ የቆመ መሆኑን ነው።

የግድግዳ ስጋጃ ሥራ ከነጠላ ሥራ በብዙ ይለያል። በነጠላ ላይ ማጉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ድሩና ማጉም እኩል ይታያሉ። በስጋጃ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ሥፍራ ብቻ ሠርቶ ይመለሳል፤ ማጉም በጥብቅ እየተመታ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ሁለት ቀለሞች በሚዋሰኑበት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካልተቈላለፉ ጨርቁ እንደ ቀዳዳ ይከፈታል። ሥራው እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ ረቂቅ በሆነ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ አንድ ስንዝር መግፋት ያስመሰግናል። ድሩን ከጠነከረ የጥጥ ፈትል፥ ማጉን ከመንዝ በግ ጠጕር አደረግሁት። የሽንኩርት ልጣጭ ከሻብ ጋራ ሲፈላ ጠጕሩን ወርቅማ ብጫ እንደሚያደርገውም ተማርሁ።

ስለ ሌሎች አገሮችም አነበብሁ። ፈረንሳዮች በፓሪስ ጎብለን የተባለውን የነገሥታት መሸመኛ በ1662 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር አቋቋሙ፤ በዚያ ሸማኔው ሠዓሊው የሠራለትን ሥዕል ተከትሎ ይሠራል። በግብጽ ደግሞ ራምሴስ ዊሳ ዋሴፍ የተባለ የቤት ንድፍ ሊቅ፥ ከጊዛ ፒራሚዶች በማይርቀው በሐራኒያ መንደር ለገበሬ ልጆች መሸመኛ ሰጥቶ፥ ያለ ንድፍ ከገዛ ሐሳባቸው እንዲሸምኑ አደረገ፤ ሥራቸውም ኤውሮጳን አስደነቀ። ከዚህ የተረዳሁት፥ ክብር ከሥራው ዓይነት የሚመጣ ሳይሆን ሠሪውን ሰው አድርጎ ከማየት የሚመጣ መሆኑን ነው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራዬን ለመጨረስ አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሥዕሉ በጉድጓድ አፋፍ የተቀመጠ፥ ፊቱ የማይታይ፥ ሁለት እጆቹ ብቻ በብርሃን የተገለጡ ሸማኔ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ከሌሎች ሠራተኞች ሥራ ጋራ ለሕዝብ በታየ ጊዜ አባቴን ይዣቸው ሄድሁ። በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ፥ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙ አይለዩም ነበር። ወደ ስጋጃው ሳቀርባቸው እጃቸውን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ቀጥሎም ጀርባውን ገለጡና ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ቈጠሩ።

አንድ በጥሩ ልብስ ያጌጡ እንግዳ ቀረብ ብለው፥ «ይህን ሥራ በእጅ መንካት ይፈቀዳልን? እኒህስ ሽማግሌ ማን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ያን የተማሪ ቤት በር አሰብሁ። አባቴም እጃቸው ሳይንቀሳቀስ ቀረ።

«አባቴ ናቸው» አልሁ። «ሸማኔ ናቸው። ሽመናን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አንሥተው ለአባቴ እጅ ነሡ። አባቴም በጨዋ ደንብ አጸፋውን መለሱና፥ እንግዳው እስኪርቁ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፥ በግራ በኩል ከታች ድሩ ልል ነው።»

«አውቃለሁ፥ አባባ» አልሁ፤ እውነትም አውቅ ነበር፤ በአሥራ አንዱ ወር ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ያገኘብኝ ሰው ግን አልነበረም። «ይቅር ይበሉኝ» ብዬም ጨመርሁ።

ስለ ድሩ ብቻ እንዳልነበር ገባቸው መሰለኝ፤ እጄን ያዝ አደረጉና፥ «ለሚቀጥለው ታጠብቀዋለህ» አሉኝ።

አባቴ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ስጋጃ ለመግዛት የጠየቁኝ ሰዎች ቢኖሩም አልሸጥሁትም። ዛሬ ለሽመና ደቀ መዛሙርት ሆነው ወደ እኔ ለሚመጡ ወጣቶች አስቀድሜ የማሳያቸው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው፤ ልል የሆነውንም ድር በጣታቸው እስኪያገኙት ድረስ እንዲዳስሱ አደርጋለሁ። ካገኙት በኋላ ያስተማረኝ ማን እንደ ሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ።