«ከእኔ በፊት ውሰደው»

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከምታሳድግ እናት ጋር ረዘም ላለ ጊዜ የዋለ ሰው ይህችን ጸሎት መስማቱ አይቀርም፦ «ጌታዬ፣ ከእኔ በፊት ውሰደው።» መጀመሪያ የሰማት ይደነግጣል። አንዳንዱም «በስመ አብ! እናት እንዲህ ትላለች?» ብሎ ይቆጣል። እኔ ከእናቴ አፍ እየሰማኋት ነው ያደግሁት። ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድሜ ዛሬ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ እማዬ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ይዛ ነው። እና ሌሊት ሌሊት ታሰላለች። ጠዋት ማን ያጥበዋል? ወጡ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ እንደማይበላ ማን ያውቃል? መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲጮህ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያጣች እናት ነች እንዲያ የምትጸልየው።

በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ይከበራል። ሰማያዊ ቲሸርት ይለበሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። አላጣጥለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር፤ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። «እርግማን ነው»፣ «ለክፎት ነው»፣ «እናትየው ምን ሠርታ ነው» በሚባልበት ሰፈር ልጅን ጓሮ ክፍል መደበቅ የሚያስገርም አይደለም። ግንዛቤ ያስፈልጋል። ግን ሰፈራችን ስለ ኦቲዝም ካወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እማዬ ያጣችው ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ወንድሜን ለሰው ትታ ደርሳ የምትመለስበት።

እድሩን ልንገራችሁ። የእኛም እንደ ማንኛውም እድር ነው፦ ጥሩምባ ሲነፋ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። እማዬ ከስንቱ ቀብር ቀረች። ወንድሜን ይዛ እንዳትሄድ ለቅሶና ጩኸት ያሳብደዋል፤ ትታው እንዳትሄድ በሩን ከፍቶ አስፋልት ይገባል። ቅጣቱን ከፈለች፤ ብሩስ ብዙ አልነበረም። የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ቤት ልቅሶ የሚደርስ የለም። ቀስ በቀስ ቡናውም ቀረ፣ ማኅበሩም ቀረ። ማንም አልተጣላትም፤ ዝም ብሎ ከሰው ዝርዝር ወጣች። አባታችን ቀድሞ ነው የወጣው፣ ከቤቱ። (እሱን ሌላ ቀን አወራዋለሁ። ወይም አላወራውም።)

ይህን ስል «እድር ለቀብር ነው፣ ምን አገናኘው?» የሚል ይመጣል። እሺ፣ የኤች አይ ቪን ክፉ ዘመን አስታውሱ። በየቀኑ ጥሩምባ ሲነፋና ካዝናው ሲራቆት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው አልጋ ላይ የዋለን አባል መጠየቅ፣ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ለሙታን የቆመ ማኅበር ለሕያዋን መሥራት እንደሚችል ያኔ ታይቷል። ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም፤ ችግሩ የሁሉም በር ስለደረሰ ብቻ ነው። የኦቲዝም ችግር ግን በር እየመረጠ ነው የሚገባው፤ ያልደረሰበት ቤት ዝም ይላል።

ስለዚህ እስከዛሬ የተሠራውን አብዛኛውን የሠሩት የደረሰባቸው ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ ስማቸው የታወቀ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እኔ ከማዕከሉ እኩል የማደንቀው አደባባይ መውጣታቸውን ነው፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ አላፍርበትም ብለው ያለመታከት ተናገሩ። ያኔ እማዬን የመሰለች እናት ልጇን ይዛ ታክሲ ለመሳፈር ወኔ ያገኘችው ከዚያ ነው። በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም መጣ፤ እሱም የወላጆች ሥራ ነው። ግን አዲስ አበባን ለሚያህል ከተማ ስንት ልጅ ሊይዙ ይችላሉ? ተራ የሚጠብቀው በመቶዎች ነው። ክፍለ ሀገር ያለውንማ ተዉት።

ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ዜናውን የሰማን ቀን እማዬ ብዙ አልተናገረችም። «ልጇስ?» አለች፤ ያቺኑ ብቻ።

ኦቲዝም ሲባል ሁሉም ሰው ሕፃን ነው የሚታየው። ሕፃን ደግሞ ያሳዝናል፣ ይታቀፋል፣ ፖስተር ላይ ያምራል። ቁመቱ በር የሚነካ፣ ደስ ሲለው እጁን እያራገበ የሚዘል ጎልማሳ ግን ፖስተር ላይ የለም፤ መንገድ ላይ ሲታይም ሰካራም ነው ወይም እብድ ነው ይባላል። ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን የማያውቅ የቀበሌ ወንበር የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ አካለ መጠን ደርሶ ራሱን ማስተዳደር ላልቻለ ሰው ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምለታል። እህትና ወንድም የሆናችሁ፣ እናታችሁ በሕይወት ሳለች ጠበቃ አማክሩ። ውርስና የቤት ካርታ ላይ ነገር የሚበላሸው ከአርባው በኋላ ነው።

ደግሞ በጎ ነገርም አለ፣ አይካድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል፦ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት፣ የሚያሠለጥኑትም የግድ ስፔሻሊስት ሐኪሞች አይደሉም። የሚማሩት፦ ልጁ ሲጮህ መልሶ ከመጮህ በፊት ምን እንደፈለገ ማየት፣ በጨዋታ መሃል ማናገር፣ የራስን ድካም ማስታመም። ጠበል የሚወስዱትም ክሊኒክ የሚሄዱትም እናቶች አብረው መቀመጥ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ሁለቱንም ያደርጋሉና።

የእኛ ሰፈር ሰው ክፉ ነው ብዬ እንዳታስቡ። ጠጉር ቆራጩ ወንድሜን የሚቆርጠው ማታ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ነው፣ ማሽኑ ስለሚያስፈራው በመቀስ። ባለ ሱቁ ወንድሜ ሳይጠይቅ የሚያነሳውን ብስኩት በደብተር ይጽፍና ወር ሲሞላ ለእኔ ያሳየኛል። ማንም አላሠለጠናቸውም። እማዬ ግን ጠጉሯን ከተሠራች ስንት ጊዜዋ ነው።

ባለፈው የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ማሻሻያ አቀረብሁ። ራሱን መጠበቅ የማይችል ሰው የሚንከባከብ አባል ከቀብር ቢቀር አይቀጣ፤ መድረስ ከፈለገ ደግሞ እድሩ በተራ አንድ ሰው መድቦ ቤቱን ይጠብቅለት። የመጀመሪያው ያለ ክርክር አለፈ። ምሕረት ማድረግ ለሁላችንም ቀላል ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ገንዘብ ያዡ ተነሱ፦ «ልጄ፣ ቢመታንስ?»

አይመታም ብዬ አልዋሸሁም። ሲደነግጥ ገፍትሮ ያውቃል። መጀመሪያ ከእኔ ጋር እየመጣችሁ ተለማመዱት፣ ስማችሁን ካወቀ በኋላ ነው ብቻችሁን የምትቀመጡት አልኋቸው። የእድሩ ዳኛ ጉባኤውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ማን ይጀምራል?» አሉ። ሁለት እጅ ወጣ፦ የጠጉር ቆራጩና የጥሩምባ ነፊው። ሁለት ሰው ለደንብ አይበቃም ተብሎ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። እኔ ግን ሁለቱንም ለቅዳሜ ቀጥሬያቸዋለሁ። እናንተም የእድራችሁን ደንብ አውጡና የቅጣቱን አንቀጽ አንብቡት፤ በሰፈራችሁ ለዓመታት የሚቀጣው ማን እንደሆነ መዝገቡን ጠይቁ።