ተጠቃሚ

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሙያ «ተጠቃሚ» ማለት ከስክሪኑ ወዲያ ማዶ ያለ፣ የሠራነውን ነገር የሚነካካው ሰው ነው። የሚጫነው ቦታ ከጠፋው ጥፋቱ የኛ እንጂ የሱ አይደለም። ለመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ስጀምር ግን ያው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ጠበቀኝ። እዚያ ተጠቃሚ ማለት የሆነ ነገር የጎደለው ሰው ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው። አማርኛው አንድ ብቻ ስላለው ነው መሰለኝ ጣጣ ውስጥ የገባሁት።

የምኖረው ለንደን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት አግዛለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የቀረ አሮጌ ፎቶ አሳየኋቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ማለዳ፣ አዲስ አበባ። ፀሐይዋ ግማሽ በግማሽ ስትሸፈን፣ በዛፉ ቅጠል መሃል ሾልኮ ግድግዳችን ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ትንንሽ ጨረቃ ይመስል ነበር። ላሊበላ የነበሩት ደግሞ ፀሐይን እንደ ቀለበት አይተዋታል። ልጆቹ ፎቶውን ተቀባበሉትና አንዷ ጠየቀችኝ፦

«ኢትዮጵያም ስፔስ አላት?»

ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ስለ እንጦጦው ኦብዘርቫቶሪ፣ በ2012 ታኅሣሥ ከቻይና ስለመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ላወራት እችል ነበር። የልጅቷ ጥያቄ ግን ስለ ሳተላይት አልነበረም። ሰማይ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብላ ነው ያደገችው። በቃ፣ ስድስት ቅዳሜ የሚፈጅ የሥነ ፈለክ ትምህርት ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ።

እንግሊዝ አገር መንግሥት ለእንዲህ ያለ ነገር ገንዘብ ይመድባል። ለምሳሌ ኤስቲኤፍሲ የሚባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤት «ዎንደር» በተባለ ዕቅዱ፣ በኑሮ ወደ ኋላ ከቀሩት 40 በመቶ አካባቢዎች የሚመጡ ሰዎች ከሳይንስ ጋር እንዲገናኙ ይፈልጋል። የኔ ማመልከቻ የሄደበትን ፈንድ ስም ልተወው። ጥያቄዎቹ የትም ቢሆን ይመሳሰላሉ፦ ምን ልትሠሩ ነው? ለእነማን? ምን ይለወጣል? መለወጡን በምን ታውቃላችሁ?

«ለእነማን» የሚለው ጋ ስደርስ የአዳራሻችንን ፖስታ ኮድ መረጃው ውስጥ አስገባሁ። የ2019ኙ መለኪያ እንግሊዝን 32,844 ትንንሽ አካባቢዎች ላይ ይከፋፍልና፣ በገቢ፣ በሥራ፣ በትምህርት፣ በጤና፣ በወንጀል፣ በመኖሪያ ቤትና በአካባቢ ሁኔታ እየመዘነ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ያስቀምጣቸዋል። የኛ ሰፈር ከታችኞቹ ሃያ በመቶ ውስጥ ወጣ።

ደስ አለኝ። «ገባን!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

ትንሽ ቆይቶ ነው በምን እንደተደሰትኩ የገባኝ። ሻዩም ቀዝቅዞ ነበር። ግን ዴድላይን አለብኝ፤ ቀጠልኩ። «በቤታቸው የሳይንስ አርአያ የሌላቸው ልጆች» ብዬ ጻፍኩ። «ወላጆቻቸው ዝቅተኛ የሳይንስ ግንዛቤ ያላቸው» የሚል ጨመርኩበት። ማንንም አልጠየቅኩም። ዓረፍተ ነገሮቹ የሆነ ቦታ ያነበብኳቸው ይመስል ራሳቸው መጡ።

ማመልከቻው የወላጅ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልግ ስለነበር፣ የሁለት ተማሪዎቻችን እናት ጋ ሄድኩ። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ነው የሚሠሩት፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ነው ያገኘኋቸው። ወረቀቱን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «ዝቅተኛ ግንዛቤ» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና አሉ።

«እኛን ነው?»

«እትዬ፣ ፎርሙ እንደዚያ ካልተባለ...»

«አይ፣ ግድ የለም። እስክሪብቶ አምጣ።»

ሊፈርሙ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ገለበጡትና በጀርባው ላይ ሒሳብ ጀመሩ። 5500 ሲደመር 2017፣ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 11፤ ይሄ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ጣል፤ አንድ ቀረ። «የዘንድሮ አበቅቴ አንድ። መጥቅዑ ሃያ ዘጠኝ። ሁለቱ ሲደመሩ ሁሌም ሠላሳ ናቸው፤ ካልሆነ ተሳስተሃል ማለት ነው።» አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብን ወንድሞቻቸው ሲማሩ እሳቸው ከበር ውጪ ሆነው ሰምተው ነው የያዙት።

እኔ ኢንጂነሪንግ ጨርሻለሁ። በ11 የሚባዛው የፀሐይ ዓመት ከጨረቃው በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ፣ ለ19 የሚካፈለውም ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቦታዋ ስለምትመለስ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ራሱን የሚፈትሽ ስሌት ነው፤ የኛ ሰፈር ሰዎች ቴስት የምንለው። እኔ ደግሞ የሠሩልኝን ሰው «ግንዛቤ የሌላቸው» ብዬ ጽፌያለሁ።

ደብዳቤውን ፈረሙልኝ። እኔስ? ማመልከቻው የሚዘጋው ያን ቀን እኩለ ሌሊት ነበር። ምንም ሳልቀይር ላክሁት። አሁንም የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

መጋቢት ላይ መልሱ መጣ፤ አልተሳካም። ገምጋሚዎቹ ሁለት ነገር ጽፈው ነበር። አንደኛ፣ የምታገለግሏቸው ሰዎች በዕቅዱ ላይ ሐሳብ መስጠታቸው አይታይም። ሁለተኛ፣ ስንት ልጅ እንደሚመጣ እንጂ በልጁ ላይ ምን እንደሚለወጥ አልነገራችሁንም። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። አይተውን የማያውቁ ሰዎች፣ እትዬ በሁለት ቃል የጠየቁኝን ነው መልሰው የጠየቁኝ።

ሁለተኛውን ማመልከቻ የጻፍነው በዚሁ አዳራሽ፣ ከወላጆች ጋር ተቀምጠን ነው። ቴሌስኮፕ መግዣው ከባጀቱ ወጣ፤ አማተር የሥነ ፈለክ ክበቦች ደስ ብሏቸው ይዘው ይመጣሉ። በቦታው የአስተማሪ ክፍያ ገባ። ልጆቹ መጀመሪያ ከእትዬ ጋር አበቅቴ በእጃቸው ያሰላሉ፣ ከዚያ ከኔ ጋር ኮድ ያደርጉታል፣ ከዚያ ወጥተው ጨረቃዋን እያዩ ስሌቱ መድረሱን ይፈትሻሉ። መለኪያችን ልጆቹ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅዳሜ የሚጽፉት ጥያቄ ነው። «ኢትዮጵያም ስፔስ አላት?» የምትለው ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ምን ትጠይቃለች?

የፖስታ ኮዱን ቁጥር አላወጣሁትም። ውሸት አይደለማ። ኪራዩም ውድ ነው፣ ቤቱም ጠባብ ነው፣ እትዬም ሌሊት ይሠራሉ። ግን ቁጥሩ የሚመዝነው ሰፈርን ነው፤ እዚያ ሰፈር ያለች አንዲት ሴት ምን እንደምታውቅ አይናገርም። ያንን የጨመርኩበት እኔ ነበርኩ። አሁን ቁጥሩ ራሱን ችሎ በአንድ መስመር ተቀምጧል፤ ስለ ወላጆቹ የሚያወራው ክፍል ደግሞ ምን እንደሚያስተምሩ ነው የሚዘረዝረው።

ባለፈው ወር ላክነው። መልስ ገና ነው። ከመላኩ በፊት እንደዚያኛው ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ባጀቱ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«መምህርት ያልከው እኔን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ቁጥሩን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ለመምህርት ሰዓቱ በዚህ ነው እንዴ? ጨምርበት እንጂ።»

ጨመርኩበት።