የአበበ ጫማ ልክ

ወለም ያለኝ ገርጂ፣ ከደጄ አርባ እርምጃ በማይርቅ ኮብልስቶን ላይ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ስለሆነ፣ እናቴ ቅቤዋን ይዛ ሳትደርስብኝ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የእግር ድጋፍ ወደሚሠራበት አንድ ክሊኒክ አነከስኩ። ባለሙያው ልጅ አሮጌ ጫማዬን ገልብጦ ተረከዙ በየት በኩል እንደተበላ አየ። ወዲያ ወዲህ አስኬደኝ። ቁርጭምጭሚቴን በሜትር ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ስፖንጅ መሳይ ነገር የሞላበት ሣጥን አቀረበና «ይርገጡት ጋሼ» አለኝ። ረገጥኩት፤ ሰመጥኩ፤ ዱካዬ ቀረ። ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል የሚሠራው በዚያ ዱካ ልክ ነው።

ዋጋውን ስሰማ ሳልወድ «ኧረ!» አልኩ። ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህችን አላለፏትም። «አበበ ቢቂላ እኮ በባዶ እግሩ ነው ሮምን ያሸነፈው» አሉ፤ ለኔም አይደል፣ ለግድግዳው።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር የቆየ ቂም አለኝ። አባቴ መስከረም በጠባ ቁጥር አዲስ ጫማ ስጠይቀው የሚመልስልኝ ይህንኑ ነበር። ሌላ አገር ልጅ ጫማ ሲጠይቅ «ገንዘብ የለም» ይባል ይሆናል፤ እኛ ቤት ታሪክ ይጠቀስበታል። እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ከዋልኩ አይቀር፣ ነገሩን ላጣራው ተነሣሁ።

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። የገባበት ሰዓት 2:15:16.2፣ በጊዜው የዓለም ምርጥ። ባዶ እግር መሮጡም እውነት ነው። ጥያቄው «ለምን?» የሚለው ነው። አንደኛው ወገን፣ የቡና ቤቱ ወገን፣ የአገር ኩራትን ለዓለም ለማሳየት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ የውድድሩ ጫማ አቅራቢ የነበረው አዲዳስ ጥቂት ጥንድ ብቻ ቀርቶት ስለነበር ለአበበ እግር የሚስማማ አልተገኘም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ሮም የተገዛ አዲስ ጫማ እግሩን ውኃ አስቋጥሮት ነው ይላል። የኋለኞቹን ሁለቱን ማን ያስታርቃቸው? ግን አንድ ነገር ላይ ይገጥማሉ፦ አበበ ጫማ አልናቀም፣ ጫማው አልሆነውም። በባዶ እግሩ መለማመድ ለምዶ ስለነበር፣ እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የማይሆነውን ትተው የሚሆነውን መረጡ። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የባዶ እግር ታሪክ፣ ለካ የጫማ ልክ ታሪክ ነው!

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ከልጅነቴ የሰማኋት ሌላ ወሬ ትዝ አለችኝ፦ አበበ ሮም የሄደው የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ስለተሰበረ ነው የምትል። ሰውየው ዋሚ ቢራቱ ነው፤ በጊዜው ስመ ጥር ሯጭ። እግር ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ አበበ በመጨረሻ ሰዓት ተተካ የሚለው በብዙ ቦታ ተጽፏል። ሌሎች ደግሞ የምን ስብራት፣ ታሞ ነው የቀረው ይላሉ። እኔ ያለ ምንም ማስረጃ የቁርጭምጭሚቱ ወገን ነኝ። የታሪክ አቅጣጫ በአንድ ቁርጭምጭሚት መዞሩ፣ የኔንም ትንሽ ያከብራታል።

እናቴ ከነቅቤዋ ደረሰች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት የእግር ወለምታ በቅቤ እንደሚታሽ የጽሑፍ ማስረጃዋ ነው። ወጌሻም ልትጠራ ነበር። በነገራችን ላይ በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ «ወጌሻ» ከዚያ መጣ ቢሉኝ አልከራከርም። ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ዛሬም «ወጌሻ» እንለዋለን፤ ወረቀት ቢኖረውም። ለወለምታ የቅቤውን ነገር ልተወው። ለስብራት ግን አጥብቆ ማሰር ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል፤ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያለቅሱበት ጉዳይ ነው።

ልክ የሌለው ነገር እግር ላይ ሲውል ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን የከተማው ማዶ ነው፤ ዘነበወርቅ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ አለርት። የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋል፤ ጫማ ሲልጠው ባለቤቱ አይሰማውም፤ ሲያየው ቁስል ሆኗል። ስለዚህ ለስላሳ ጫማ በየሰው እግር ተለክቶ ይሠራል። ስኳር እግሩን ያደነዘዘበት ሰውም ጉዳዩ ያው ነው። እኛ «ቆረቆረኝ» ብለን የምናማርረው ሕመም ለካ ደመወዝ የማይጠይቅ ጠባቂ ኖሯል።

ለሽማግሌውም መልስ አገኘሁላቸው፦ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማው ነው። ጫማ አድርጓል፤ ካልሲም ጭምር። 2:12:11.2። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ይፈጥናል። አባቴ ይህችኛዋን ለምን እንደማይጠቅሳት አሁን ገባኝ።

ሶሉን ልወስድ ስሄድ ሽማግሌው አልነበሩም፤ መልሴ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ልጁ ሶሉን ጫማዬ ውስጥ አስገባ፣ የቁርጭምጭሚቱን ድጋፍ አሰረልኝና «ልክ ነው ጋሼ?» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለልብስ ሰፊም፣ ለጫማ ሻጭም፣ ለፀጉር ቆራጭም ለዚህ ጥያቄ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ሰውየው ለፍቷልና ይሉኝታ ይይዘኛል፤ ከዚያ ቤት ገብቼ አማርራለሁ። ወታደሩ አበበ ግን በሕይወቱ ትልቁ ቀን «አልሆነኝም» ብሏል።

ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ።

«አይደለም» አልኩት። «ግራው ይቆረቁረኛል።»

ልጁ ምንም ሳይከፋው ሶሉን አውጥቶ ወደ መሞረጃው ሄደ።