ልጅን ከየትኛው ትምህርት ቤት እናግባ?

በአሜሪካ አገር፥ በሚኒሶታ ግዛት የምትኖር እኅታችን ልጇን ቻርተር ከሚባለው ትምህርት ቤት ለማግባት አስባ ምክር ጠየቀችን። ይህ ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ እየተዳደረ፥ ከወላጅ ክፍያ ሳይቀበል፥ በራሱ ቦርድ የሚመራ ነው። ሕጉ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1991 በዚያው በሚኒሶታ ወጣ፤ የመጀመሪያውም በ1992 በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ።

የላከችልን የፈተና ውጤት ዝቅ ያለ ነበረ። ነገር ግን የኔታ ፊደል ያልለየውን ልጅ ከዳዊት ደጋሚው ጋራ አስተካክለው ሲመዝኑ አላየንም፤ እያንዳንዱን የሚጠይቁት ትናንት ካቆመበት ተነሥተው ነበር። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ግን ስማችን በተራ ቍጥር ከግድግዳ ይለጠፍ ነበር፤ ከመጨረሻ የተጻፈው ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚጠቍር እናውቃለን።) ስለዚህ «እንግሊዝኛ ሳያውቅ የገባ ልጅ በዓመቱ ምን ያህል ተራመደ ብለሽ ጠይቂ» አልናት።

የከበደን ሁለተኛው ነገር ነው። ተማሪዎቹ ከሞላ ጐደል ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ልጁ በዚያ ስለ ቋንቋው አይሣቅበትም፤ ዳሩ ግን አብሮት የሚያድገውን የሌላውን ጎረቤት ልጅ መቼ ይለምዳል? ስለ ሚኔያፖሊስና ስለ ሴንት ፖል ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ክስ ቀርቦ፥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ፈርዷል፤ ለትምህርቱ መጕደል ዓይነተኛ ምክንያት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የዘር አለመመጣጠን ብቻውን ሕገ መንግሥቱን አያፈርስም አለ። እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነንና ፍርዱን እናከብራለን፤ ለእናት ግን አይበቃትም። ከክፍሉ ገብታ ግማሽ ቀን እንድትቀመጥ፥ መምህሩም ዝም ያለውን ልጅ በስሙ ይጠራው እንደ ሆነ እንድታይ ጻፍንላት፤ መልሷን እንጠብቃለን።