የውሃ ክብደት

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ በሰውነቴ ያወቅሁት ግን አላታ ወንዝ መሃል፣ አንድ ቋጥኝ ላይ ተጣብቄ ነው።

ሥራዬ ፏፏቴ ፎቶ አንስቶ፣ በትልቁ አትሞ ለግድግዳ መሸጥ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጢስ ዓባይን ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ፣ ዓባይ 45 ሜትር ከሚጠጋ ጥቁር ገደል ይወረወራል። በበጋ ግን አለቱ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ውሃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል፣ በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ሲጨመር ደግሞ ለገደሉ የሚተርፈው ይበልጥ አነሰ። ስለዚህ ፏፏቴውን ከነግርማው የሚፈልግ ሰው በክረምት ይሄዳል። እኔም የሄድኩት በነሐሴ መጨረሻ ነበር።

አላታ ከፏፏቴው በታች ያለ፣ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራበት ወንዝ ነው። የዚያን ዕለት ከቁርጭምጭሚት ብዙም አያልፍም ነበር። መሃሉ ላይ ትራይፖዴን ተክዬ፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ገጥሜ፣ ሻተሩን ለሰከንዶች ከፍቼ እሠራ ነበር። ከራሴ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዝናቡ የወረደው ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ራስ ነው። ድምፁንም አልሰማሁም፤ የዓባይ ጩኸት ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፦ የታረሰ አፈር ሽታ። ከዚያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከወደ ዳር እጁን እያወናጨፈ፣ «ደራሽ! ደራሽ!» ሲል አየሁት።

ገለባ፣ ጭራሮና ቡናማ አረፋ እየገፋ መጣ። ከኋላዬ ወዳለው ቋጥኝ ዘልዬ ወጣሁ፤ ካሜራውን ከነትራይፖዱ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ቋጥኙን ሸፍኖ ጉልበቴ ደረሰ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ከታች የሚሰማኝ ነገር ነበር። ጎርፉ የሚያንከባልላቸው ድንጋዮች ቋጥኙን ሲመቱት ምቱ በእግሬ በኩል አልፎ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። አንደኛው ቢፈነቅለው እንደማልተርፍ አውቄ ነበር። እናቴን ጠራሁ። ቅዱስ ገብርኤልን ጠራሁ።

የአካባቢው ሰዎች ዳር ላይ ተሰበሰቡ። መሃላቸው ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ውሃውን አትየው! እኛን እይ!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው፤ የሚሮጥ ውሃ ላይ ዓይኑን የተከለ ሰው ቋጥኙ ራሱ የሚሄድ ይመስለዋል፣ ያዞረዋል፣ ይወድቃል። ዓይኔን ጋቢያቸው ላይ ተከልኩ። ወጣቶቹ ከየቤታቸው ያመጡትን መጫኛ ቀጣጥለው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወረወሩልኝ። ሁለት ጊዜ ውሃው ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ያዝኩት። ከብብቴ ሥር አሰርኩት። ሽማግሌው ግን ወዲያው እንድገባ አልፈቀዱም። «ቆይ፣ ጉልበቱ ይብረድ» አሉ። በመጨረሻ ሲመሽ፣ ውሃው ጎደል ሲል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ወገባቸው ገቡና ጎተቱኝ። መሃል ላይ እግሬ ከመሬት ለቀቀ፣ የጎድን አጥንቴ ከድንጋይ ተላተመ፣ አፌ በጭቃ ተሞላ። ያችን ሌሊት ሽማግሌው ቤት ምድጃ ዳር አደርኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ሕይወታቸውን ለእኔ ሲሉ አደጋ ላይ የጣሉት።

የጎድኔ ስብራት ቶሎ ዳነ። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ መባነኑ ግን ለረጅም ጊዜ አልተወኝም። ወደ ሥራ ስመለስ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የቀድሞ ሥራዎቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ውሃውን አጣሁት። ያለው ከገደል ላይ የተሰቀለ፣ ታጥቦ የነጣ ነጠላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የአየሩን ተቃውሞ ካልቆጠርን፣ ከ45 ሜትር የሚወድቅ ጠብታ መሬት ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሻተሩን ሦስት ሰከንድ የከፈተ ሰው የጠብታዋን ውድቀት በሙሉ፣ ከአፋፉ እስከ ግርጌው፣ አንድ ነጭ መስመር ያደርገዋል። ይህ ውሸት ነው አልልም፤ ዓይን የማያየውን ጊዜ ያሳያል፣ ውብም ነው፣ በዚህ መንገድ የሚሠሩትን አከብራለሁ። እኔ ግን ከእንግዲህ ልሠራው አልችልም። ያ ውሃ ገፍቶኛል። ክብደት አለው።

አሁን በ1/1000 ሰከንድ አነሳለሁ። ግርጌ ላይ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ የሚምዘገዘግ ጠብታ በዚያ ቅጽበት የሚጓዘው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ሲሰነጠቅ፣ ሲበተን፣ ገደሉን ሲመታ ይታያል። ቀለሙንም አልነካም። የክረምት ዓባይ ቡናማ ነው፤ የጎጃምንና የጎንደርን አፈር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። «ትንሽ አንጣልኝ» የሚል ገዢ ይመጣል። እምቢ እላለሁ፤ የሸሸ ገዢም አለ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ደከምኩ። ድብዝዝ ያለው የጥጥ ወረቀት ቡናማውን አፈር አስመስሎ ያወጣዋል፣ የራሰውን አለት ጥቁረት ግን ወደ ግራጫ ይጎትትብኛል። ለዚህ ስል ባራይታ የሚባል ነጭ ቅብ ያለውን ወረቀት መረጥኩ፤ ጥቁሩ ጥልቅ ሆኖ ካልወጣ ውሃው ከምን ጋር እንደሚታገል አይታወቅም።

ከአዲሶቹ የመጀመሪያውን ህትመት ለሽማግሌው ይዤላቸው ሄድኩ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «የት ቆመህ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የለም፣ እዚያ አትቁም፤ ክረምት ሲበረታ አፈሩ ይናዳል» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ተከተልኳቸው። ከአንድ ዋንዛ በላይ ያለች ጠፍጣፋ አለት አሳዩኝ፤ ፏፏቴው በሙሉ ይታያል፣ ደራሽ ቢመጣም አይደርስባትም። በየክረምቱ ትራይፖዴን የምተክለው እዚያች አለት ላይ ነው።