መኪናውን ንዳ፤ እኛን ግን አትንዳን

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 33፥12-17



ጥር ሲያልቅ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተናቸውን ጨረሱ። በዚያ ሳምንት ዓለም ባንክ ባለው ቤታችን፣ የእራት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተቀመጠ፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የባለቤቴ። ሁለቱም ወደ አርባ ምንጭ የሚወስዱ ናቸው። ለስድስት ዓመት «በሚቀጥለው ዓመት» እያልን ያቆየነው የቤተሰብ ጉዞ ነበር።

የእኔ ወረቀት አጭር ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ቡታጅራ ቁርስ፣ ሶዶ ምሳ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አርባ ምንጭ። የባለቤቴ ወረቀት ሦስት ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን ጢያ ላይ እናርፋለን፣ ቡታጅራ ምሳ እንበላለን፣ ሆሳዕና እናድራለን። በሁለተኛው ቀን ሶዶ እናድራለን። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት አርባ ምንጭ እንገባለን።

ሳቅሁ። «450 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ ሁለት አዳር? የሆቴሉን ሒሳብ አስበሽዋል?» አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። «እማዬ ሁለት ሰዓት ከተቀመጠች ጉልበቷ አይዘረጋላትም። ትንሹ ልጅህ ገና ወለቴን ሳናልፍ ነው የሚያስመልሰው። አንተ ደግሞ ሃምሳ አልፈሃል» አለችኝ። ከዚያም እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለውን ቃል ተናገረች፦ «መኪናውን ንዳ፤ እኛን ግን አትንዳን። ከብት አይደለንም።»

እሺ አልኩ። ልቤ ግን እሺ አላለም። አማቼን አክብሬ እንጂ አምኜበት አልነበረም።

ስድስት ሆነን፣ የባለቤቴ ወንድም ባዋሰን መኪና ተነሳን። በአየር ጤና ወጥተን፣ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ ታጥፈን፣ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ጢያ ስንደርስ ልጆቹ ጎራዴ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች እየቆጠሩ ሮጡ። ዩኔስኮ በፈረንጆች 1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ስፍራ ጥንታዊ የመቃብር ቦታ ነው። አማቼ ከዘራቸውን ተደግፈው ድንጋዮቹን ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «እነዚህም በጊዜያቸው ሲቸኩሉ ኖረው ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ በላን። እኔ እንደ ወጣት በላሁ። ወራቤን አልፈን ፀሐዩ በመስታወቱ በኩል ሲያገኘኝ ዓይኔ ይከብደኝ ጀመር። መስኮቱን ከፈትሁ። መዝሙር ከፈትሁ። «ትንሽ ነው የቀረን» አልኩ ለራሴ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የበኩር ልጄን ጩኸት ነው።

«አባዬ!»

ዓይኔን ስገልጥ የቀኙ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ነበር። ከፊታችን፣ ሃያ እርምጃ በማትሞላ ርቀት፣ ጄሪካን የጫነች አህያና ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ልጅ ይሄዱ ነበር። መሪውን መለስሁ። መኪናው ተንገዳገደ፤ ቆመ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችንና መንገዷን ቀጠለች። ምን እንደተረፈች አላወቀችም።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ይመስላችኋል? «ደህና ነኝ» የሚል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ባለቤቴ የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተኛሁ። ከዚያ ቀስ ብለን ነድተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆሳዕና ገባን። ደግሜ ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። በእኔ ወረቀት ብንሄድ ኖሮ በዚያ ድካም ላይ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የመጨረሻውንም በጨለማ፣ ልነዳ ነበር።

ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰን ቡና ስንጠጣ ልጄ ዝምታውን ሰበረ። «አባዬ፣ አንተ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። የታዘበውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የደበቅሁትን አወጣሁ። ከሐዋሳ ኮንፈረንስ ስመለስ፣ ሦስት ቀን ሰብኬ፣ «በነጋታው አገልግሎት አለብኝ» ብዬ ማታ ብቻዬን ነድቼ ነበር። ዝዋይን ካለፍሁ በኋላ አንቀላፋሁ። ስነቃ አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ያለ መብራት ቆሞ፣ ሾፌሩ ለምልክት አስፋልቱ ላይ ያነጠፈውን ቅጠል እየረገጥሁ ነበር። ያ የቅጠል ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ቤቴ ስገባ ለማንም አልተናገርሁም።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ያን ሌሊት በር ስከፍትልህ መንገዱ እንዴት ነበር ብዬህ ነበር። ጌታ ይመስገን አልከኝ» አለች።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ከማንኛውም ተግሣጽ በላይ ወጋኝ። ምስጋናን መሸፈኛ አድርጌው ነበር። የጌታን ስም ጠርቼ እውነቱን ደበቅሁባት። ሃያ አምስት ዓመት ስለ መናዘዝ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዘፍጥረት 33ን ገለጥሁ። ዔሳው ከ400 ሰዎች ጋር መጥቶ ወንድሙን ይቅር ብሎታል፤ አብረን እንሂድ ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች መሆናቸውን፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፣ አንድ ቀን እንኳ በጥድፊያ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚሞት ይነግረዋል። እርሱ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ሊሄድ ይመርጣል። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ያዕቆብ እዚህ ላይ ከዔሳው ለመራቅ ሰበብ እየፈለገ ይሆን ወይ ብለን ተከራክረን ነበር። ሊሆን ይችላል፤ እከተልሃለሁ ብሎት ሳለ እርሱ ወደ ሱኮት ሄዷልና። ነገር ግን ሰበብም ቢሆን የተናገረው እውነት የእረኛ እውነት ነው። ሱኮት ሲደርስም ለራሱ ቤት፣ ለከብቶቹ ዳስ ሠራ። የጉዞውን ፍጥነት የወሰነው ጠንካራው ሳይሆን የምታጠባዋ በግ ናት።

የእኔን ወረቀት አሰብሁት። የተሠራው በሞተሩ ልክ ነበር። የባለቤቴ ወረቀት የተሠራው በእናቷ ጉልበትና በትንሹ ልጅ ሆድ ልክ ነው።

በማግስቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነድተን ሶዶ አደርን። ለወንጌል አማኞች የወላይታ ምድር ታሪክ አለው። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ጣሊያን ወጥቶ ሲመለሱ ግን በስደት መካከል ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን አገኙ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! ሁልጊዜ ስለ አማኞቹ ጽናት ነበር የምሰብከው። በዚያ ምሽት ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ሠራተኞቹ መሪውን ተነጥቀው ሳለ ጌታ ሥራውን አላቆመም። እኔ አንድ ሌሊት ብተኛ ምን ይጎድልበታል? መዝሙር 121 የሚለው የሚጠብቀን እርሱ እንደማይተኛ ነው እንጂ፣ እኛ መተኛት የለብንም አይልም።

በሦስተኛው ቀን፣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ቀዩን የአባያ ሐይቅ በግራ እያየን አርባ ምንጭ ገባን። አማቼ ያለ ደጋፊ ከመኪና ወረዱ። ትንሹ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስመለሰው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። እዚያ ቆሜ ኤሊምን አስታወስሁ፤ አሥራ ሁለት ምንጭና ሰባ የዘንባባ ዛፍ የነበረበትን ሰፈር። ዘኍልቍ 33 እስራኤል ያደሩባቸውን ከ40 በላይ ሰፈሮች በስም ይዘረዝራል። እኔ ስሰብክ የምዘለው ምዕራፍ ነበር። እግዚአብሔር ግን ማደሪያዎቹን አስጻፋቸው። በእርሱ ዘንድ አዳር የባከነ ቀን አይደለም።

መንገድ ለምታስቡ ወገኖች፣ በዋጋ የተማርሁትን ልንገራችሁ። የቀኑን ጉዞ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ሜትር አድርጉት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳትወርዱ አትንዱ። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ግቡ፤ በመንገዳችን ላይ ሲመሽ ከብት፣ ጋሪ፣ እግረኛና መብራት የሌለው መኪና አለ። አልጋውን ቀድማችሁ በስልክ ያዙ። የነዳጅ ሰልፍ ሊኖር ስለሚችል ታንከሩ ግማሽ ሲሆን ሙሉ። የሚቀጥለው ከተማ ሰላም መሆኑን ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ። ምሳ ቀለል ያለ ይሁን። እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ መዝሙርም መስኮትም አያድናችሁም፤ ቁሙና ተኙ።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ግን አንድ ሰው ሰላም ነሳኝ። ከመዘምራኖቻችን መካከል አንዲት እህት አለች። ባለፈው ዓመት ለሕንጻው ሥራ ብዬ የጸሎቱን፣ የጾሙን፣ የአዳሩንና የመዋጮውን ፕሮግራም ሳደራርብ ልጅ ወልዳ ነበር። መጥታ፣ «ፓስተር፣ ደክሞኝ ነው እንጂ ጌታን ትቼ አይደለም» አለችኝ። እኔም ስለ መትጋት አንድ ጥቅስ ጠቅሼ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አንስተውልኝ ነበር፤ «ትመለሳለች» ብዬ አለፍሁት።

የምታጠባዋ በግ እሷ ነበረች። እኔ ነድቻት ነበር።

ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ጥቅስ አልያዝሁም። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሳልሰማሽ ነው የመለስሁልሽ» አልኳት። አለቀሰች። ቡና አፈላች። ስለ መመለስ አላነሳሁባትም፤ እሷም ቃል አልገባችልኝም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ባለቤቴ አቅፋው ወደ ውጭ ወጣች። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠን የሕንጻውን ጊዜ በአንድ ዓመት አራዘምነው፤ የአዳሩንም ፕሮግራም በወር አንድ ጊዜ አደረግነው። አንዳንዱ ወንድም «እሳቱ እንዳይበርድ» ብሎ ሰግቷል። እኔም አልፎ አልፎ እሰጋለሁ። ስሰጋ የዚያች ልጅ አህያ ትታየኛለች።

ዛሬ ይህን የምታነቡ አባቶች፣ እናቶች፣ መሪዎች፦ ከኋላችሁ የተቀመጠው ማን ነው? ጉዟችሁን የወሰናችሁት በእርሱ እርምጃ ነው ወይስ በሞተራችሁ? ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ሰው በእርሱ ስም ነድቷችሁ ደክማችሁ ርቃችሁ ከሆነ፣ መልካሙ እረኛ እንዲያ አይነዳም። ኢሳይያስ 40፥11ን አንብቡ፤ የሚያጠቡትን በዝግታ ይመራል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የማትተኛው አንተ ነህ። ደክሞኝ ሳለ ደህና ነኝ ስላልሁበት ጊዜ ሁሉ ይቅር በለኝ። ያቺን ልጅ ስለጠበቅህ አመሰግንሃለሁ። በደካሞቹ እርምጃ መሄድን አስተምረኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።